ማንን ነው የምትጠብቀው?

በግቢው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ጡረታ የወጡት ሾፌር ገና ልጅ ሳለች «ይቺ ልጅ ድምፅ የላትም እንዴ?» ብለው «ድምፄ» አሏትና በዚያው ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት በቀራት ጊዜ እንኳ፣ ጠዋት ቧንቧው ዘንድ ባልዲዋን ይዛ ስትቆም፣ «ድምፄ፣ ሌሊቱን ስትጮኺ አድረሽ እንቅልፍ ነሣሽን እኮ» ይሏታል። ትስቃለች። ሳቋም አይሰማም።

የምትሠራው ላይኛው ሰፈር፣ ፎቆቹ የተደረደሩበት፣ አንድ ላውንደሪ ውስጥ ነው። ሸሚዝ ትተኩሳለች። ኮሌታው ይቀድማል፤ ቀጥሎ ትከሻው፣ ከዚያ እጅጌው፣ በመጨረሻ ገላው። ቅደም ተከተሉን ያፋለሰች እንደሆነ የተኮሰችው ቦታ ተመልሶ ይጨማደድና ድካሟ ገደል ይገባል። ሥራው ይስማማታል። ሸሚዝ «ምነው ዝም አልሽ?» አይልም።

ከእሷ ጀርባ፣ መስኮቱ ሥር፣ እድፍ አስለቃቂዋ ትሠራለች። ከሌላ አገር የመጣች፣ በዕድሜ ከድምፄ ጥቂት ከፍ የምትል፣ ረጅም ሴት ናት። ልብሱን ገልብጣ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ታነጥፍና እድፉን ከዳር ወደ መሀል በብሩሽ ቀስ እያለች ትነካካዋለች። ወይን፣ የከንፈር ቀለም፣ የመኪና ግራሶ፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል። ቋንቋውን እዚሁ ሥራ ቦታ ስለ ለመደችው አነጋገሯ አጭር አጭር ነው፤ ማለት የፈለገችው ግን አይጠፋትም። ሁለቱ ሴቶች ጀርባ ለጀርባ ሆነው ዓመታት ሠርተዋል። ድምፄን «ጓደኛ አለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ቢኖር፣ ጥቂት አስባ «አንድ አለችኝ» ባለች ነበር። ጓደኛዋ ይህን ታውቅ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

ላይኛው ሰፈር በራሱ የሚኮራ ሰፈር ነው።

«እኛ ሕንፃ ውስጥ እኮ ዓለም በሙሉ አለ» ትላለች አንዲት ደንበኛ፣ የሐር ቀሚሷን ባንኮኒው ላይ እየዘረጋች። «እኔ ድንበር የሚባል ነገር አይገባኝም። ሰው ሰው ነው።» ከዚያ ወደ እድፍ አስለቃቂዋ ዞር ትልና፣ «አንቺ ከየት ነበር ያልሽኝ?» ትላታለች። ይነገራታል። «አዎ፣ አዎ! እንዴት ያለ ውብ አገር!» በሚቀጥለው ሳምንትም ትጠይቃለች። በሚቀጥለው ሳምንትም አገሩ ውብ ነው።

እድፍ አስለቃቂዋ የምትኖረውም እዚያው፣ ከፎቆቹ በአንዱ ላይ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ነበር።

«መግቢያው ላይ ማስታወቂያ አለ» አለቻት አንድ ቀን። «በአምስት ቋንቋ ተጽፏል። በሁሉም የሚለው አንድ ነው።»

«ምን ይላል?»

«ዝም በሉ ይላል።»

ድምፄ ሳቀች። እድፍ አስለቃቂዋ ግን አልሳቀችም።

«ታምሜ የቀረሁ ጊዜ» አለች ብሩሿን እያጠበች፣ «ብዙ ቀን አልጋ ላይ ነበርኩ። ተሽሎኝ ስወጣ ሊፍት ውስጥ ጎረቤቴን አገኘሁት። ፈገግ አለ። ሁልጊዜ ፈገግ ይላል። ሞቼ ቢሆንም፣ በእኔ ክፍል ለሚገባው ሰው እንደዚሁ ፈገግ ይላል ብዬ አሰብኩ።» «ክፉ ሰው አይደለም» ስትል ጨመረች። «እኔ የምፈልገው አንድ ቀን ብቀር፣ ‹የት ሄደች?› የሚል ሰው ያለበት ቤት ነው።»

ድምፄ ካውያዋን አስቀመጠች። ቀጥሎ ከአፏ በወጣው ነገር ራሷም ደነገጠች።

«እኛ ግቢ አንድ ክፍል ባዶ ነው።»

ታችኛው ሰፈር ከፎቆቹ ሩቅ አይደለም፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ድልድዩን መሻገር ነው። የሰፈሩ ሰው ግን ላይኛውን ሰፈር ሲያነሣ ባሕር ማዶ ያለ ያስመስለዋል። «እነዚያማ የጎረቤታቸውን ስም የሚያውቁት ከፖስታ ሳጥኑ ላይ አንብበው ነው» ይላሉ። ታችኛው ሰፈር ደግሞ ሰውን ቶሎ አያስገባም። መንገድ ዳር ያለው ፀጉር አስተካካይ ከሌላ ከተማ መጥቶ ሱቁን ሲከፍት ፀጉሩ ጥቁር ነበር፤ ዛሬ እንደ ጥጥ ነጥቷል፤ ሰዉ አሁንም «አዲሱ» ይለዋል። እዚሁ የተወለዱት ልጆቹም «የአዲሱ ልጆች» ናቸው።

ግቢው አንድ ቧንቧ፣ ሁለት የልብስ ገመድና ዙሪያውን ፊት ለፊት የሚተያዩ በሮች አሉት። የብረት በሩን ቁልፍ የያዙት አሮጊት የግቢው ባለቤት አይደሉም፤ ቁልፉን ማን እንደ ሰጣቸውም የሚያስታውስ የለም። ሲመሽ ይቆልፋሉ፣ ሲነጋ ይከፍታሉ። ስማቸውም እማማ ቁልፍ ሆኖ ቀርቷል። በግቢው ይኖሩ የነበሩት ሰዓት ሠሪ አርጅተው ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ ክፍላቸው ባዶውን ቀረ። ልጅየው ደግሞ የሚያከራየው እማማ ቁልፍ «ይሁን» ላሉት ሰው ብቻ ነው። «የማልኖርበትን ግቢ ምን ቤት ነኝና አምሳለሁ?» ይላል።

ድምፄ የእማማ ቁልፍ ደጃፍ ላይ ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እማማ።»

«ወዬ ልጄ። ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል?»

«ያ የሰዓት ሠሪው ክፍል… አንዲት ሴት አለች። አብራኝ የምትሠራ።»

«የማን ልጅ ናት?»

«ከሌላ አገር ናት።»

«እሱን መቼ ጠየቅሁሽ? ከሌላ አገር የመጣ ሰው እናት አባት የለውም? የማን ልጅ ናት ነው ያልኩሽ።»

«አላውቅም፣ እማማ።»

«ዋሷስ?»

«እኔ።»

በግቢው ውስጥ የማይሰማ ነገር የለምና ሾፌሩ ከደጃቸው ሆነው ጮኹ። «ድምፄ ተናገረች! ኧረ ሰዎች፣ ኑና ስሙ!» ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጡ። «ትግባ እንጂ እማማ። እኔ አገር ለአገር የዞርኩ ሰው ነኝ። አውቶቡሴን ስንት ድንበር አሻግሬያለሁ! በስድስት ቋንቋ ሰላም ማለት እችላለሁ።»

«በሰባተኛው ዝም ማለት ቢችሉ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ እማማ ቁልፍ። ከዚያ ወደ ድምፄ ዞሩ። «እሺ፣ ትምጣ። አንድ ወር እናያታለን። ወሩ ሲያልቅ ልጅየው መጥቶ ይጠይቀኛል፤ ያየሁትን እነግረዋለሁ። እንግዲህ ዋስ ነሽ፤ የዋስን ሥራ መቼም ታውቂዋለሽ።»

ድምፄ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የዋስ ሥራ ማለት ሴትዮዋ አንድ ነገር ብታጠፋ መልስ መስጠት መስሏት ነበር።

እድፍ አስለቃቂዋ በእረፍት ቀን ገባች። ዕቃዋ ጥቂት ነበር፤ አልጋ፣ ሻንጣ፣ የጠረጴዛ መብራትና ሁለት ወንበር። ወንበሮቹ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ይበልጥ ያማሩ ነበሩ፤ ጀርባቸው የተቀረጸ፣ መቀመጫቸው አረንጓዴ። ቀኑን ሙሉ ወለሉን ስትፈገፍግ ዋለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰች፤ ወንበሮቹን ፊት ለፊት አስቀመጠች፤ መብራቱን አበራች፤ በሩን እስከ ጥጉ ከፈተችና አንደኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

ግቢው በሙሉ አያት።

«ነገ ትዞራለች» አሉ እማማ ቁልፍ። «ዛሬ ዕቃ ስታነሣ ውላ ደክሟታል።»

በዚያ ግቢ አዲስ የገባ ሰው በየቤቱ እየዞረ ያንኳኳል። «እንዴት ዋላችሁ፣ መጥቻለሁ» ይላል። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሳሉ ከተሰማ መድኃኒት ይመጣለታል፣ ልብሱ ዝናብ ሊመታው ከሆነ ከገመድ ላይ ይነሣለታል፣ ከማን ጋር እንደ ተጣላ ይጠየቃል፣ ባይናገርም ይታወቅበታል። ሳያንኳኳ የተቀመጠ ግን የለም፤ ስለዚህ ሳያንኳኳ ለተቀመጠ ሰው ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም።

በማግስቱም አልዞረችም። ሲመሽ ግን በሩ ተከፈተ፤ መብራቱ በራ፤ ሁለቱ ወንበሮች ፊት ለፊት ሆኑ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚሁ።

በዚያ ወር ድምፄ ደስተኛ ነበረች ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ በመንገድ ላይ። ጠዋት አብረው ዳገቱን ይወጣሉ፣ ማታ አብረው ይወርዳሉ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ እድፍ አስለቃቂዋ ቆም ብላ ውሃውን ታያለች፤ ድምፄም ትቆማለች። እንዲያ ቆመው ድምፄ ስለ አክስቷ ነገረቻት። እናቷ ስትሞት በልጅነቷ ወደዚህ ግቢ አምጥታ ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ እሷም ካለፈች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ክፍሉ ለድምፄ ቀረ፤ የአክስቷ የማንበቢያ መነጽርም እስከ ዛሬ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ማንሣት አልቻለችም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። እድፍ አስለቃቂዋ ሰምታ፣ «አታንሺው» አለቻት። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

የብረት በሩን ሲገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ድምፄ ወደ ክፍሏ፣ ጓደኛዋ ወደ ክፍሏ። ከዚያ ድምፄ መስኮቷ ላይ ሆና፣ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ፣ ማዶ ያለውን የተከፈተ በር ታየዋለች። ለምን ተነሥታ አልሄደችም? ራሷንም ጠይቃ ነበር። ቀኑን ሙሉ አብረን ውለን የለ እንዴ፣ ወንበሩ የቀረበው ለእኔ አይደለም ትላለች። ደግሞ የእማማ ቁልፍ መስኮት አለ፤ የሾፌሩ ደጃፍ አለ። ያንን ግቢ በዚያ ሰዓት ማቋረጥ ማለት ሁሉም ዓይን ጀርባዋ ላይ ማረፉ ነው። ማንም የማያናግራትን ሴት እሷ ብቻ ሄዳ ብታናግር፣ ከእነማን ጋር እንደ ሆነች መናገር ይሆንባታል። ነገ፣ ትላለች። ነገ ሌላ ሰው ይቀድመኛል።

ሾፌሩ ጠዋት ጠዋት ቧንቧው ዘንድ እድፍ አስለቃቂዋን በባዕድ ቋንቋ ሰላም ይሏታል፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እሷም አንገቷን ዝቅ አድርጋ ትመልሳለች። ቋንቋው የእሷ አገር ቋንቋ አልነበረም፤ ከእሷ አገር ጋር ድንበር የሚጋራ የሌላ አገር ነበር።

«ለምን አትነግሪያቸውም?» አለቻት ድምፄ በመንገድ ላይ።

«ደስ ብሎት ነው የሚለው። ደግሞ ከሰላምታው በኋላ ይሄዳል። ልዩነት የለውም።»

የጃኬታቸው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሾፌሩ የሰው መኪና ሞተር ሲነካኩ የክብር ጃኬታቸው ክንድ ላይ ግራሶ ፈሰሰበት። ድምፄ ዕድል መጣ አለች በልቧ።

«ጋሼ፣ እሷ እኮ የምታስለቅቀው ይህንን ነው» አለቻቸው፤ በጣቷም ማዶ ያለውን በር አሳየች። «ወስደው ቢሰጧት…»

ሾፌሩ ጃኬቱን አዩ፣ የተከፈተውን በር አዩ። በሩ ከቆሙበት አንድ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ነው። «እንዴት ብዬ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንዴት ዋሉ እንኳ ሳትለኝ፣ እድፌን ተሸክሜ ልግባ? ስድስት አገር ስዞር እንዲህ ያለ ነገር አላደረግሁም። ባይሆን አንቺ ነገ ሥራ ስትሄጂ ይዘሽላት ሂጂ።»

ጃኬቱም ድልድዩን ተሻገረ፤ ዳገቱን ወጣ። እድፍ አስለቃቂዋ የማን እንደ ሆነ ስታውቅ ጥቂት ያዘችው። ከዚያ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ብዙ ሰዓት ለፋችበት። ድምፄም ተኮሰችው፤ በላስቲክ ሸፈኑት። ማታ ሁለቱ ሴቶች ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጃኬቱን ተራ በተራ ያዙት። የብረት በሩ ዘንድ ሲደርሱ እድፍ አስለቃቂዋ ለድምፄ አሳልፋ ሰጠቻትና ወደ ክፍሏ ገባች።

«ወይ ጉድ! አዲስ አደረገችው!» አሉ ሾፌሩ ክንዱን በብርሃን እያገላበጡ። «እጇ ይባረክ። ንገሪልኝ፣ እሺ? በጣም አመሰግናለሁ ብለዋል በይልኝ።»

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው እማማ ቁልፍ ድምፄን ልብስ ገመዱ ዘንድ ያዟት።

«ነይ እስቲ። ሰውየው ማነው?»

«የምን ሰውዬ?»

«አታድርቂኝ ልጄ። በየማታው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳ፣ መብራት አብርታ፣ ወንበር አቅርባ፣ በር ከፍታ ማንን ነው የምትጠብቀው? አንድ ወር ሙሉ ሳይመጣ የሚቀር ምን ዓይነት ወንድ ነው? እኔ ነገር ፈልጌ አይደለም፤ ታሳዝነኛለች። ግን ልጅየው ሊመጣ ነው፤ ምን ልበለው?»

«እጠይቃታለሁ» አለች ድምፄ።

በማግስቱ ላውንደሪው ውስጥ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ኮሌታ እየተኮሰች ጠየቀቻት። «ማታ ማታ… ማንን ነው የምትጠብቂው?»

የብሩሹ ድምፅ ቆመ። እንፋሎቱ ብቻ ይሰማል።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች እድፍ አስለቃቂዋ። «እነሱን ነዋ።»

ድምፄ ዞረች።

«በእኛ አገር አዲስ ሰው ሲገባ ጎረቤት ይመጣል። አዲሱ ሰው በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሁለት ወንበር ያዘጋጃል። የሰው በር እየዞረ የሚያንኳኳ ለማኝ ነው። ወይም ዕቃ የሚሸጥ።» ነጩን ጨርቅ አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው። «መጀመሪያ፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው አልኩ። ከዚያ ከእኔ ጋር ለመነጋገር አፍረው ነው አልኩ። አሁን ግን አልወደዱኝም እላለሁ። ልጆች እንኳ በበሩ ሲያልፉ ይሮጣሉ። አንድ ቀን አሮጊቷ እስከ ደፉ መጣች። ልቤ… ተነሣሁ። ግን የወደቀ ልብስ ልታነሣ ነበር።»

 የሸሚዙ ኮሌታ በካውያው ሥር መቃጠል ጀምሮ ኖሮ ሽታው ድምፄን አነቃት።

በዚያች ቀን እድፍ አስለቃቂዋ የትርፍ ሰዓት ሥራ ስለ ነበራት ድምፄ ብቻዋን ወረደች። እየሮጠች ማለት ይቻላል። እማማ ቁልፍ ደጃፋቸው ላይ ባቄላ ሲለቅሙ ደረሰችባቸው፤ በሕይወቷ ብዙ የተናገረችበት ቀን ያ ሳይሆን አይቀርም። ስለ ወንበሮቹ፣ ስለ በሩ፣ እዚያ አገር ማን ማንን እንደሚጎበኝ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሾፌሩም መጥተው ቆመው ሰሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጡ።

«ታዲያ እኛን ነበር የምትጠብቀው?» አሉ እማማ ቁልፍ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ወር ሙሉ?»

«ወር ሙሉ።»

እማማ ባቄላውን በጣታቸው ወዲያና ወዲህ አሉት። ፊታቸው ላይ ኀዘን የመጣ መሰለ፤ ግን ቆየት ብሎ ሌላ ነገር ተካው። «እንግዲያው እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በኖርኩበት ግቢ፣ ትናንት ለገባ ሰው ተነሥቼ ላንኳኳ ነው? እኚህ ጋሼስ? ፀጉር አስተካካዩ አዲሱ እንኳ ወደ ሰፈሩ ሲመጣ ሚስቱን ይዞ በየቤቱ ዞሯል።»

«አላወቀችም እኮ።»

«እሷማ አላወቀችም። አንቺስ?» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «አክስትሽ ያመጣችሽ ቀን ትዝ ይልሻል? እጅሽን ይዛ በየበሩ አዞረችሽ። አንቺ ቃል አልተነፈስሽም፤ ቀሚሷ ውስጥ ተወሽቀሽ ነበር። ‹ይቺ የእህቴ ልጅ ናት፣ ዋሷ እኔ ነኝ› አለች፤ አበቃ። ዋስ ማለት ይህ ነው፤ እጅ ይዞ መዞር ነው። አንቺ እጇን ያዝሽላት? እኛ እኮ የጠበቅነው ሁለታችሁን ነው።»

ድምፄ ቀኑ ትዝ ይላት ነበር፤ የአክስቷ መዳፍ ሙቀት ሳይቀር። ግን ያ ለልጅ የሚደረግ፣ ለእሷ ብቻ የተደረገ ነገር መስሏት ኖሯል።

ሲመሽ እድፍ አስለቃቂዋ ገባች። በሩ ተከፈተ፤ መብራቱ በራ። ድምፄ መጋረጃዋን ሳትገልጥ በቀጥታ ወጣችና ግቢውን አቋረጠች። ሁሉም ዓይን ጀርባዋ ላይ አርፎ ነበር፤ አልተሳሳተችም። ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አረንጓዴው ጨርቅ ማንም ያልተቀመጠበት ስለ ሆነ ጠንካራ ነበር።

እድፍ አስለቃቂዋ ጥቂት አየቻትና ፈገግ አለች። «አንቺን ቀን አይሻለሁ እኮ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ድምፄ፤ ሁሉንም ነገረቻት። «አሁን ተነሺ። እጅሽን ልያዝና እንዙር። ከእማማ እንጀምር። አንድ ደቂቃ ነው። በየበሩ የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንቺ ምንም አትዪም።»

ጓደኛዋ እጇን ሰጠቻት፤ ግን አልተነሣችም። ከኬሚካሉ የተነሣ የጣቶቿ ጫፍ ሻካራ ነው።

«ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን፣ እሺ እል ነበር» አለች። «አሁን ያወቁ ይመስለኛል። ነግረሻቸዋል፣ አይደል?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«አውቀውም አልመጡም።»

ድምፄ በበሩ ወደ ውጭ አየች። እማማ ቁልፍ መስኮታቸው ላይ ነበሩ። ሾፌሩ ደጃቸው ላይ፣ በንጹሑ ጃኬታቸው። ሁለቱም ወደዚህ ያዩ ነበር፤ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም።

«ክፉ ሰዎች አይደሉም» አለች ድምፄ።

«አይደሉም። አውቃለሁ።» እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። «ፎቁ ላይ ያለችው ክፍሌ አልተያዘችም። ዛሬ ደወልኩ። እዚያ ማንም አይመጣም፤ ግን ማንንም አልጠብቅም። መጠበቁ ነው የደከመኝ።»

ሁለቱም ከወንበራቸው ሳይነሡ ቆዩ፤ እማማ ቁልፍ የብረት በሩን ሊቆልፉ እስኪወጡ ድረስ።

የሰዓት ሠሪው ልጅ ሲመጣ የሚጠየቅ ነገር አልቀረም። የእድፍ አስለቃቂዋ ዕቃ እንደ መጣው ሁሉ በአንድ ጉዞ ወጣ። ግቢው ከልቡ ነው ያዘነው። «ምን አድርገናት ነው?» ተባባሉ። «ክፉ ቃል ወጥቶን ያውቃል?» ሾፌሩ በአውቶቡሳቸው ስንቱን አገር ሕዝብ እንዳሳፈሩ አንሥተው ጀመሩና ሳይጨርሱት ተዉት። ክፍሉን ከሁለት ሰፈር ወዲያ የመጡ ባልና ሚስት ያዙት፤ በገቡበት ማታ በየበሩ አንኳኩ። «እንዴት ዋላችሁ፣ መጥተናል» አሉ። ድምፄም በር ከፍታ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለቻቸው። ሌላ ምን ትበል?

ላውንደሪው ውስጥ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ብሩሹ ይሰማል፣ እንፋሎቱ ይሰማል። የሚለወጠው ሥራ ሲያልቅ ነው፤ አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች። ድልድዩ ላይ ብቻዋን መቆም አይሆንላትምና ድምፄ ሳትቆም ታልፈዋለች።

አንድ ቀን መዝጊያ ሰዓት ላይ፣ «ልሸኝሽ?» አለቻት።

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

ሕንፃው መግቢያ ላይ ጥበቃው ድምፄን ስሟን ጠየቃት። በአምስት ቋንቋ የተጻፈው ማስታወቂያ እውነትም አለ። ሊፍት ውስጥ አንድ ሰውዬ ፈገግ አለላቸው፤ እውነትም ክፉ ሰው አይመስልም። ክፍሏ ጠባብ ነበረች፣ ንጹሕ። ሻይ ጠጡ። የተነጋገሩት ጥቂት ነው፤ ከታች የከተማው መብራት ሁሉ ይታያል፤ ታችኛው ሰፈር የቱ ጋ እንደ ሆነ ፈልገው ፈልገው መለየት አቃታቸው። ድምፄ እስክትነሣ ድረስ በኮሪደሩ ያለፈ እግር አልነበረም።

ስትመለስ ግቢው ተቆልፎ ነበር። ብረቱን በመዳፏ ደበደበችው። እማማ ቁልፍ በሌሊት ልብሳቸው፣ በባትሪ ብርሃን መጡ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ነፍሴን አወጣሽው እኮ። የት ቆየሽ?»

«ጓደኛዬ ቤት ነበርኩ።»

ባትሪው ወደ መሬት ዝቅ አለ። እማማ በሩን ከፍተው አስገቧት፤ ግን ቁልፉን ወዲያው አላዞሩትም።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ብቻዋን ነች?»

«ብቻዋን ነች።»

አሮጊቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ… ሰላም ብለውሻል በያት። እማማ አንቺን ያነሣሉ በይልኝ።»

«አልልም፣ እማማ» አለች ድምፄ። ድምፅዋ አልጎላም፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ራስዎ ይበሏት።»

«እኔ? ቤቷን የት አውቄው?»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

እማማ ቁልፍ ቀና ብለው አዩዋት። አንድ ነገር ለማለት አፋቸውን ከፈት አደረጉ። ከሾፌሩ ክፍል የሬዲዮ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ከአዲሶቹ ባልና ሚስት ቤት ሳቅ። አሮጊቷ ቁልፉን አዞሩት፣ በሩን ወዘወዝ አድርገው መያዙን አረጋገጡ። ድምፄ መንገዱን እንዲጠይቋት አጠገባቸው ቆማለች። እማማ ግን ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና፣ «በይ ደህና እደሪ» ብለው፣ ባትሪያቸውን እያበሩ ወደ ክፍላቸው ሄዱ።